«በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት» ማለት ብቻውን አይበቃም

የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ የእንስሳት ሕክምና ለምትማሩም፣ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ የባህል መድኃኒት ተክል አይጥ ላይ ለምትሞክሩም።

ብዙ ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «እንስሳቱ በዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ተይዘዋል።» ጥሩ። ግን የትኛው መመሪያ? ምን ይላል? እዚህ ላይ ዝም ይባላል።

እንግሊዝ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራን በሕግ መቆጣጠር የጀመረችው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2010 ድንጋጌ እያንዳንዱ ሙከራ አስቀድሞ ተገምግሞ እንዲፈቀድ ያዛል። አሜሪካም የ1966 ሕግ አላት፤ ሆኖም ለምርምር የሚራቡ አይጦችን ከጥበቃው አውጥታለች። ላብ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ አይጥ ነው! ስለዚህ ፈረንጅ ሁሉን ጨርሶታል ማለት አይቻልም። እኛም ጋ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ይቀጣል፤ ለአንድ ሙከራ ስንት አይጥ እንደሚበቃ፣ መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ግን አይነግራችሁም።

የወባ መድኃኒት ሙከራን ውሰዱ። አይጧ በወባ ተውሳክ እንድትያዝ ይደረጋል፣ አራት ቀን ተክሉ ይሰጣታል፣ በአምስተኛው ቀን ደሟ ይታያል። ከዚያስ? ስንት ቀን እንደቆየች ለመቁጠር እስክትሞት ይጠበቃል።

እኔ ሞትን መጠበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለመርዛማነት ምርመራ የወጣው የኦኢሲዲ 425 መመሪያ እኮ፣ በጣም የምትሰቃይ እንስሳ ያለ ስቃይ እንድትገደልና በስሌቱ ውስጥ እንደሞተች እንድትቆጠር ይላል። ውጤቱ አይበላሽም። ወባው ላይም መስመር ማስመር ይቻላል፦ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ፣ መነሳት ሲያቅታት፣ ያኔ ይብቃ።

«ሰው መድኃኒት አጥቶ ለአይጥ ታስባለህ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ሙከራው ይቅር አላልኩም። ባኮ ላይ ወባ ለያዘው ልጅ መድኃኒት ያስፈልጋል። ነገር ግን ምንም አዲስ እውቀት የማይጨምር ስቃይ ለዚያ ልጅም አይጠቅመውም። የእኛ ገበሬ በሬው ሲታመም ከቀንበር ይፈታዋል፤ ይህን ለማድረግ አዋጅ አልጠበቀም።

እናም ፕሮፖዛላችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ይህን ያህል እንስሳ ለምን እንዳስፈለገ፣ በየቀኑ ማን እንደሚያያቸው፣ ምን ምልክት ሲታይ እንደምታቆሙ። አማካሪ የሆናችሁ ጓደኞቼም፣ ዲፌንስ ላይ እነዚህን ሦስቱን ጠይቁልኝ። መልስ የሌለው ተማሪ ሙከራውን ገና አላቀደውም።