ማስታወክን ቀድሞ ስለ መከላከል

በነቀርሳ ደዌ የተያዘ ሰው ሲስፕላቲንን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት በደም ሥሩ ሲወስድ፣ ማቅለሽለሹ በዚያው ዕለት ብቻ ሳይሆን በማግሥቱም በሠልስቱም ሊበረታ ስለሚችል፣ ማስታወክን የሚከለክለው ክኒን ሆድ ከታወከ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ፣ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት መዋጥ እንዳለበት ለሕሙማኑም ለአስታማሚዎቹም ደጋግሞ መንገር የሚገባ ይመስለኛል። ይልቁንም የሚያሳስበኝ፣ ደግ ጎረቤት (ደግነቱን ማን ይክዳል!) ከመሳቢያው አውጥቶ «ይኸ እኔን አሽሎኛል» እያለ የሚያቀብለው ሜቶክሎፕራሚድ የተባለ የማስታወክ መከላከያ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ፣ በተለይም በወጣቶች ላይ፣ አንገት የሚያጣምም መንጋጋም የሚቆልፍ የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላልና። ኦንዳንሴትሮን የተባለው ሌላው መከላከያም ሆድ ያደርቃል፤ የልብ ምታቸው ሥርዓት ለተዛባባቸውም ያሰጋል። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ለጠበል ብሎ እህል ሳይቀምስ የሚቆይበትን ሰዓት ሳይቀር፣ ለሐኪሙ ሊናዘዝ፣ ሐኪሙም ሳይቆጣ ሊሰማው ይገባል፤ አንድ ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ በሆዱ አልረጋ ካለ ግን ክኒን መደራረቡን ትቶ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።