«አዎ» ከማለታችን በፊት

ኡቡንቱ ላይ አንድ ፕሮግራም ስንጭን ብቻውን አይመጣም። ተከትለውት የሚመጡት ፓኬጆች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ያለነሱ የማይሠራባቸው ግዴታዎችና «ቢኖሩ ይመከራል» የተባሉ። ኡቡንቱ የተሠራበት ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 5.0 ጀምሮ የሚመከሩትንም አብሮ ይጭናል።

የሚመከሩት ያለ ምክንያት አልተመረጡም፤ የጀማሪን ድካም ያቀልላሉ። ነገር ግን ምክር ምክር የሚሆነው መተው ሲቻል ነው። ዳታ በሜጋባይት እየገዛን ለምንጠቀም ተማሪዎች ያልጠየቅነው ፓኬጅ ገንዘባችንን ይበላል።

ተርሚናሉ የሚጨመሩትን ዝርዝርና የሚወርደውን መጠን አሳይቶ «ልቀጥል?» ይላል። ኢንተር ብቻ ከተጫነ መልሱ «አዎ» ነው። ችግሩ፣ ግዴታውና ምክሩ በአንድ ዝርዝር ተደባልቀው ይቀርባሉ። የቱን መተው እንደሚቻል ያላወቀ ሰው እንዴት መረጠ ይባላል? ዝም ማለትም ሁልጊዜ መስማማት አይደለም።

የሚመከሩትን ለአንድ ጊዜም ሆነ ለዘለቄታው እንዳይጫኑ ማዘዝ ይቻላል። ሁሉንም በጅምላ መዝጋት ግን አንመክርም፤ የጎደለውን ፈልጎ ማግኘት ለአዲስ ሰው ከባድ ነው። የሚሻለው ለይቶ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ኮምፒውተር የምታስተካክሉ ሁሉ፣ አደራችን ይህ ነው፦ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ዝርዝሩን ለባለቤቱ አሳዩት፤ የቱ ግዴታ፣ የቱ ምክር እንደሆነም ንገሩት። ዳታውም ኮምፒውተሩም የሱ ነው፤ ምርጫውም የሱ ይሁን።