ለጓደኛ የቆመ ልጅ ሽማግሌ ይፈልጋል

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለው ልብ ወለድ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ የልጃችሁ ቦርሳ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ኤስ. ኢ. ሂንተን መጻፍ የጀመረችው ገና ተማሪ ሳለች ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ድሆቹ ግሪሰሮችና ሀብታሞቹ ሶሾች ይደባደባሉ፣ ይገዳደላሉ። ወላጅ የሚሰጋው ድብድቡን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጠቡ መሀል የሚገባ ትልቅ ሰው መጥፋቱ ነው። የተራኪው የፖኒቦይ ወላጆች በመኪና አደጋ ሞተዋል። ጓደኛውን ጆኒን አባቱ ይደበድበዋል፤ ቤተሰቤ የሚለው የሰፈሩን ልጆች ነው። የሀብታሙ የቦብ ታሪክ ደግሞ ይብሳል፦ የፈለገው ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ «ተው» የሚለው አጥቶ እንደ ሞተ የሚመሰክረው ጓደኛው ነው። ሁለት ፈረቃ እየሠራን ውድ ጫማ የምንገዛለትን ልጅ ጓደኞች በስም የማናውቅ ከሆነ፣ ይህ እኛንም ይመለከታል።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ የእኛ ልጅ ጨዋ ነው» የሚል አይጠፋም። በጎንደር፣ ከቡይት ራስ እስከ ደባርቅና ዳባት ያለው የሰሜን አገር ግን ለወገን መቆም እስከ ምን ድረስ እንደሚወስድ ያውቃል። ደም መመለስ ወንድምንና የአጎትን ልጅ ሁሉ ዕዳ ውስጥ ይከታል። ሆኖም እዚያ ሽማግሌው ቄስ አስከትሎ ይገባል፤ ካሳ ያስቆርጣል፣ ያስምላል። ወጣቱን «ወገንህን ካድ» አይለውም፤ ክብሩ ሳይነካ ከጠቡ የሚወጣበትን መንገድ ያበጅለታል። ሽምግልና ሁልጊዜ አይሰምርም፤ ከዕርቅ በኋላም ደም ፈሶ ያውቃል። በልብ ወለዱ ግን የሚሞክርም አልነበረም። ግሪሰሮቹ ትልቁን ድብድብ አሸነፉ፤ በዚያው ሌሊት ጆኒም ጓደኛቸው ዳሊም ሞቱ።

መጽሐፉ ዱርዬነት ያስተምራል ተብሎ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ የተጠየቀበት ጊዜ አለ። ልጅ ግን ቡድን የሚፈልገው ስላነበበ ሳይሆን የሚጠጋው ሲያጣ ነው። ጓደኞቹን መከልከልም ከእኛ ተደብቆ እንዲሄድ ከማድረግ አያልፍም።

የሚከብደው የእኛው ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን፣ በማኅበር፣ በፖለቲካ ተከፋፍለን ሰላምታ ስንነፋፈግ ልጆቻችን ያያሉ። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተለያይተው የነበሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች እ.ኤ.አ. በ2018 ዋሽንግተን ላይ ታርቀዋል። ወደዚያ ዕርቅ እንዴት እንደ ተደረሰ ልጆቻችንን ቁጭ አድርገን የነገርናቸው ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ መጽሐፉን ከልጃችሁ ጋር አንብቡት፤ ጓደኞቹንም ቤት ጋብዟቸው። የየከተማው የኮሚኒቲ ማኅበርም ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ የሚያስታርቁ፣ እነሱም የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ይምረጥ፤ ጠብ እስኪነሣ አይጠብቅ።