ማኅተሙን የተረከብን፣ ቁልፉን የረሳን

የዕድር ጸሐፊ ሲለወጥ ማኅተሙንና መዝገቡን ያስረክባል። የኮምፒውተሩን መዝገብ መግቢያ ግን ማን ያስረክባል?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ከሥራ የተሰናበቱ ሁለት የአሌክሳንድርያ ወንድማማቾች፣ 96 ያህል የመንግሥት ዳታቤዞች ደምስሰዋል ተብለው ተከሰዋል። እንደተዘገበው የአንደኛው መግቢያ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር።

ግሪንቤልትም እንሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የማኅበሮቻችን መዝገብ የአባሉን ስም፣ አድራሻና ስልክ ይዟል። ተሰዶ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራው ግን የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ፣ በመጀመሪያ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ተመልከቱ። ቀጥሎ «ድሮፕ ዩዘር» ብላችሁ ስሙንና የሚገባበትን ማሽን ጻፉ። አንድ ስም ለሁለት ማሽን ተመዝግቦ ከሆነ ሁለቱም ለየብቻ ይሰረዛሉ። ሰውየው በዚያች ሰዓት ገብቶ ከሆነም ትእዛዙ አያስወጣውም፤ ግንኙነቱን «ኪል» በሚለው ትእዛዝ መቁረጥ ያሻል። እሱ የመዘገበው ሁሉ ግን ባለበት ይቆያል፤ አትስጉ።

ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። በሰላም የወጣ ወንድማችን፣ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ስሙ በከንቱ እንዳይነሳ እሱንም ይጠብቀዋል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የወጡት ሰዎች መግቢያ ተዘግቷል ወይ?