ከጎብኚው በፊት ካቡ ይጠገን

በተራራማው አገራችን ገበሬው ድንጋይ ከድንጋይ አያይዞ የሠራው የእርከን ካብ ለአፈሩ መያዣ፣ ለእህሉ መደላድል፣ ለእግረኛውም መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ካብ ባለበት ገጠር ሁሉ ዛሬ አንድ አዲስ ተስፋ ይነገራል። ይኸውም ከመንደር መንደር በእግር የሚጓዝ ጎብኚ ለገበሬው ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል የሚል ነው። ተስፋው መሠረት አለው። የጮቄ ተራራ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከተመረጡት የጉብኝት መንደሮች አንዱ ሆኗል። ሆኖም ከጎብኚውና ከካቡ የትኛው መቅደም እንዳለበት፣ ዛሬ ቀበሌ ቢባልም ሕዝቡ ገና ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው አካል መሪዎች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜና እሑድን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግር ለመጓዝ ተነሣን። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄደን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። መንገዱ የቆየ የነጋዴ መንገድ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አሞሌ ጨው በግመል እስከ አልዩ አምባ ገበያ ደርሶ፣ ከዚያ በአጋሰስ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ዝቅ ሲሉ ጤፍና ማሽላ የሚበቅሉባቸው ማሳዎች በካብ ላይ ካብ ተደራርበው ይታያሉ።

ጠመዝማዛው መንገድ ስላሰለቸኝ በአንድ እርከን ላይ አቋርጬ ወረድኩ። ከካቡ ጫፍ ሁለት ድንጋዮች ከእግሬ ሥር ተነቅለው ተንከባለሉ። ከታች ሆነው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ጠሩኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ድንጋዮቹን አምጣና ቦታቸው መልሳቸው» አሉኝ። አንሥቼ ደረብኳቸው። እሳቸው ግን የደረብኩትን አፍርሰው እንደገና ካቡት። የድንጋዩን ረጅም ጎን ወደ ውስጥ አስገብተው ክፍተቱን በጠጠር ሞሉት። «እንዲህ ካልተያዘ ሐምሌ ይወስደዋል። ውኃ አንድ ቀዳዳ ካገኘ የዓመት አፈር ይበላል» አሉ። የአፈር ጥበቃ ትምህርት ፈተና ካለፍኩ ወራት ሆኖኝ ነበር። ካብ መካብን የተማርኩት ግን በዚያን ቀን ነው።

በብዙ እግርና በብዙ ዓመት ሲባዛ ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ከኢጣሊያ የምናገኘው ምሳሌ ያስረዳል። በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ በሊጉሪያ የባሕር ዳርቻ፣ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉ አምስት መንደሮች አሉ። እነሱም ሞንቴሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው። ገበሬዎቻቸው በገደሉ ላይ ያለ ሲሚንቶ ካብ ክበው ወይን ሲያለሙ ኖረዋል። ከመንደር መንደር በሚያገናኙት የእግር መንገዶች ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ የሚመጣው ተማሪና ጎብኚ ስፍር ቁጥር የለውም። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ወጣቱ ወደ ከተማ ሥራ፣ ከዚያም ወደ ማረፊያ ቤትና ምግብ ቤት ሥራ ስለዞረ፣ አብዛኛው እርከን ጠጋኝ አጥቶ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2011 ብርቱ ዝናብ ሲጥል ጭቃና ድንጋይ ወርዶ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን ሞላቸው። የሰው ሕይወትም ጠፋ። የዝናቡ ብርታት ዋና ምክንያት ቢሆንም፣ ጠባቂ ያጣ እርከን ለመናድ እንደሚቀል በዚያ ታይቷል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሪዮማጆሬና በማናሮላ መካከል ባለው ዝነኛ የእግር መንገድ ላይ አለት ወርዶ ጎብኚዎችን አቆሰለ። መንገዱ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው።

«መጀመሪያ ገንዘቡ ይምጣ፣ ካቡ በኋላ ይጠገናል» የሚሉ መሪዎች አሉ። ችግሩ የጎብኚ ገንዘብ የሚታመን ዝናብ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ በዓለም ሁሉ ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህም የጎብኚው እግር ከክልሉ ርቋል። በእነዚያ ጊዜያት ሁሉ ገበሬውን የመገበው አፈሩን ይዞ የቆየው ካብ ነው። ከ400 ዓመታት በላይ የቆየው የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ስለጠገነው ነው። እዚያ ጥገናው ቀደመ፤ ጎብኚው ተከተለ።

በመሆኑም መሪዎች ከአባሎቻቸው ጋር ተወያይተው ሊወስኗቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የካብና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መጠገኛ ቀናት ይመደቡ። ሁለተኛ፣ ከአዝመራ በኋላ በእርከን ላይ የሚለቀቅ ከብት ከጎብኚ እግር የበለጠ ስለሚያፈርስ ልቅ ግጦሽ በመተዳደሪያ ደንብ ይከልከል። ሦስተኛ፣ ጎብኚ ከተለየው መንገድ እንዳይወጣ ከመንደሩ ወጣቶች በተራ መንገድ መሪ ይመደብለት። አራተኛ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ምን ያህሉ ለካብ ጥገና እንደሚመለስም ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ ይወስን። በቺንኩዌ ቴሬም ዛሬ በአንዳንዶቹ መንገዶች ለመሄድ ይከፈላል፤ ገቢውም ለመንገዶቹ ጥገና ይውላል። እነሱ ከጉዳት በኋላ የተማሩትን እኛ ሳንጎዳ ልንማረው እንችላለን።

ሰላም ሲሰፍን የልደታም ሆነ የሌላ ሠፈር ተማሪ ቦርሳውን አዝሎ ወደ አልዩ አምባ መውረዱ አይቀርም። ያን ጊዜ መንገዱን የሚያሳየውና ካብ ላይ ሲወጣ «ልጄ፣ መልስ» የሚለው ሰው እንዲኖር የማኅበሩ መሪዎች ደንቡን ከአሁኑ ሊያወጡ፣ የጥገናውንም ቀን ከመጪው ክረምት በፊት ሊቆርጡ ይገባል።