ለተመራቂ ስለሚሰጥ ገንዘብ

ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ በተመረቀ ጊዜ ዘመዶቹ ሁሉ ደስ ይላቸዋል። ደስታቸውንም በስጦታ ይገልጣሉ። ብዙ ሰዎች የሚሰጡት ገንዘብ ነው፤ ይህም ነውር አይደለም። ተመራቂ ሥራ እስኪይዝ ድረስ ለቤት ኪራይ፥ ለመንገድና ለልብስ ገንዘብ ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ገንዘብ አፍ የለውም። የ100 ብር ወረቀት ከአያት እጅ ቢመጣ ወይም ከማያውቁት ሰው እጅ ቢመጣ መልኩ አንድ ነው። ማን እንደ ሰጠው፥ በምን ፍቅርም እንደ ሰጠው የሚናገርለት የሰጪው የእጅ ሥራ ነው።

አንዲት ልጅ በመምህርነት ተመረቀች። በግብዣው ላይ ነጋዴ አጎቷ ተነሥቶ በ2013 ዓ.ም. የወጣውን የ200 ብር ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ በልብሷ ላይ በመርፌ ቍልፍ ሰካላት። እንግዶቹም «ስድስት፥ ሰባት፥ ስምንት» እያሉ ይቈጥሩ ነበር። አያቷ ግን በማዕዘን ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የነበራት አንድ የ100 ብር ወረቀት ብቻ ነበርና። ያን ቀን ጧትም «ምን ይዤ እሄዳለሁ?» ብላ ከቤት ልትቀር ነበር።

ሆኖም አያቲቱ ወረቀቱን ብቻ ይዛ አልመጣችም። ከመስከረም ጀምራ ስንደዶና አክርማ አሰናድታ፥ ቀለም ነክራ፥ በወስፌ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ስትሰፋ ከርማ ነበር። ብሩን አጥፋ በሙዳዪቱ ውስጥ አኖረች፤ ክዳኗንም ገጠመችባት። ግብዣው ሲያበቃ «እንኪ ልጄ» ብላ ሰጠቻት። በአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሙዳዪቱን እየተቀባበሉ ስፌቷን አደነቁ፤ በውስጧ ስንት ብር እንዳለ ግን የጠየቀ አልነበረም።

የአጎቷ ገንዘብ ጠቀማት፤ የቤት ኪራይ ከፈለችበት። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከወረቀቶቹ ሁለቱ መርፌው ቀድዷቸው ስለ ነበር ባለሱቁ አልቀበልም አላት። የአያቷም 100 ብር በሳምንት አለቀ። ሙዳዪቱ ግን አላለቀችም። ልጅቱ በምታስተምርበት ከተማ በጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፥ በየወሩ ከደመወዝ የሚተርፈውን ትጠብቅላታለች።

ከዚህ ነገር ሦስት ምክር ይገኛል።

አንደኛው፥ የስጦታው መጠን አይታይ። መጠኑ ሲታይ ባለጸጋ ይኰራል፥ ድኻ ያፍራል፤ የዘመድ ደስታ መሆኑም ቀርቶ እንደ ጨረታ ይሆናል። በሃዋይ ደሴቶች የዶላር ወረቀት እያጠፉ እንደ አበባ ጕንጕን ሠርተው በተመራቂ አንገት ያጠልቃሉ። ያማረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ሁሉ ሊቈጥረው ይችላል። በጃፓን አገር ግን ለደስታ ቀን የሚሰጥ ገንዘብ በወረቀት ተሸፍኖ በቀጭን የወረቀት ገመድ ይታሰራል። ለሠርግ ሲሆን ቋጠሮው የማይፈታ ነው፤ ጋብቻው አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን ሲሉ። ለተመራቂ ሲሆን ግን ተፈትቶ እንደ ገና የሚታሰር ነው፤ ደስታው ይደጋገም ሲሉ። ገንዘቡ ዝም ሲል ቋጠሮው ይመርቃል።

ሁለተኛው፥ ገንዘቡ አይጐዳ። በቀድሞ ዘመን ሰዎች 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርትሬዛ ብር ማንጠልጠያ እያበጁ በአንገታቸው ያስሩት ነበር። አንጥረኛም አቅልጦ ጌጥ ያደርገው ነበር። እርሱ ቢቀልጥም ብር ነው። ወረቀት ግን ቢበሳ ይቀደዳል፥ በሙጫ ቢጣበቅም ይላጣል። ስለዚህ የወረቀት ገንዘብ ይታጠፋል፥ በክርም ይታሰራል እንጂ አይበሳም፥ አይጣበቅም።

ሦስተኛው፥ የእጅ ሥራ ብዙ ወጪ አያሻውም። 50 ብር ያለው ልጅ ለታላቅ ወንድሙ ምን ያድርግ? አምስት ባዶ የክብሪት ሳጥኖች ይፈልግ፤ ነጭ ወረቀትም ይለብጣቸው። አንዱን ባንዱ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እያሸሸ እንደ ደረጃ ያጣብቃቸው። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ የ10 ብር ወረቀት አጥፎ ያኑር። ከፊታቸውም ይጻፍባቸው፤ በታችኛው «ለእርሳስ»፥ በሁለተኛው «ለመንገድ»፥ በሦስተኛው «ለዳቦ»፥ በአራተኛው «ለእናታችን ደብዳቤ»፥ በላይኛው «ለተቸገረ ሰው»። ወንድሙ ሳጥኖቹን በከፈተ ቍጥር የታናሹን ጽሕፈት ያነባል።

አንዳንድ ሰዎች «ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ መክደኛው ምን ይረባል?» ይላሉ። ዛሬማ ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ለራቀ ዘመድም ይህ መልካም ነው። ቢሆንም የላከው ሰው አንድ ገጽ ደብዳቤ በእጁ ጽፎ ቢያስከትል ምን ይጐዳዋል? መክደኛው ከገበያ የተገዛ ብቻ ከሆነ በእውነት ብዙ አይረባም። በእጅ የተሠራ ከሆነ ግን የሰጪው ጊዜ አለበት። ገንዘብ ለሰው ሁሉ እኩል አልተሰጠም፤ ቀኑ ግን ለባለጸጋም ለድኻም 24 ሰዓት ነው።

እንግዲህ ብዙ ያለው ብዙ ይስጥ፥ ጥቂት ያለውም ጥቂት ይስጥ። ሁለቱም ግን ከእጃቸው ሥራ ጨምረው፥ ከድነው ይስጡ። እንዲህ ከሆነ በምርቃት ቀን ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ አያት አትኖርም።