አዋጭ ለማን? በምርምር ጽሑፎቻችን ስለሚገኝ አንድ ቃል

የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ውጤታቸው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለአርሶ አደሮች የሚደርሰው በአማርኛ ነው። በዚህ መሻገሪያ ላይ ከባዱ ሸክም የተጫነበት ቃል «አዋጭ» ይመስለኛል። በሄክታር ይህን ያህል ዩሪያ መጨመር «አዋጭ ነው» ብለን እንጽፋለን፤ ለማን አዋጭ እንደሆነ ግን እምብዛም አንገልጽም። ይህን ዝምታ እንደ ትንተና ጉድለት እቈጥረዋለሁ።

ለዋጋው የሚገባን ነገር ለመግለጽ አማርኛ ሌሎችም ቃላት አሉት። «ርካሽ» የገንዘቡን ማነስ ይናገራል፤ «ረከሰ» የክብርን መውደቅም ስለሚያመለክት ግን ቃሉ ዕቃውን ሲያመሰግን እንኳ ጥቂት ያጎድፈዋል። «ተመጣጣኝ» ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው። (በየሱቁ ደጃፍ «በተመጣጣኝ ዋጋ» ተብሎ ሲለጠፍ ከምን ጋር እንደተመጣጠነ የሚነግረን ባይኖርም።) «አዋጭ» ከሁለቱም ይለያል። ዝምድናው ከ«ወጣ» ነው፤ «ወጪ»፣ «መዋጮ»፣ «የተዋጣለት» ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በቃሉ ውስጥ የወጣው ገንዘብና ድካም ከሚገኘው ጋር አብሮ ይታሰባል።

በገበያ ይበልጥ የሚሰማው ግን ግሱ ነው። ሻጭ «በዚህ ዋጋ አያዋጣኝም» ይላል፤ መካሪ «የሚያዋጣህን ምረጥ» ይላል። ግሱ ተጠቃሚውን በቅጥያ ይዞት ይመጣል፦ ያዋጣኛል፣ ያዋጣሃል፣ ያዋጣቸዋል። እርግጥ «ያዋጣል» ብቻ ማለትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሰሚው ባለጉዳዩን ከአውዱ ያውቀዋል። ቅጽሉ ይህን ቅጥያ መሸከም አይችልም። ወደ ረቂቅ ስም ተሻግሮ «የአዋጭነት ጥናት» ሲሆን ደግሞ ባለጉዳዩ ፈጽሞ ይጠፋል።

የዚህ ሰው መጥፋት በስሌት ላይ ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ይቻላል። ብዙዎቻችን የምንከተለው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) በ1988 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መመሪያ ነው። መመሪያው አርሶ አደሩ ሊቀበለው የሚችለው ዝቅተኛው የተጨማሪ ወጪ ተመላሽ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 በመቶ እንደሆነ ያስቀምጣል፤ እኛም ብዙ ጊዜ 100 በመቶውን እንደ ወሰን እንይዛለን። ይህ ማለት ተጨማሪ 1 ብር ያወጣ ሰው ያንኑ ብር መልሶ ሌላ 1 ብር ያተርፋል፤ በጠቅላላው 2 ብር ያገኛል ማለት ነው። አሁን መሬት በእኩል ይዞ የሚያርስና የማዳበሪያውን ወጪ ብቻውን የሚሸፍን ገበሬ እናስብ። ከ2 ብሩ 1 ብር ለባለመሬቱ ይሄዳል፤ ለገበሬው የሚቀረው ያወጣው 1 ብር ብቻ ነው። ትርፉ ዜሮ ሆነ። ባለመሬቱ ምንም ሳያወጣ 1 ብር አገኘ። ማሳው፣ ማዳበሪያውም፣ ምርቱም ያው ነው፤ በሠንጠረዣችን ግን የተጻፈው «አዋጭ» የሚል ብቻ ነው። ዝናብ ቢያጥር ደግሞ የማዳበሪያው ዕዳ የአራሹ ነው።

ሙያዊ ቃል ከግለሰብ ሁኔታ ተለይቶ መቆም አለበት የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም መመሪያው ራሱ ምክረ ሐሳብ መሰጠት ያለበት ተመሳሳይ ሁኔታ ላላቸው አርሶ አደሮች ተለይቶ እንደሆነ ያስተምራል። ወሰኑን ወስደን ይህን የዘነጋነው እኛ ነን። «የራሳቸውን መሬት ለሚያርሱ አዋጭ ነው፤ በእኩል ለሚያርሱ ግን እንደ ውላቸው ይለያያል» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ቢጨምር ነው።

በመጠይቆቻችንም ጉዳዩ ያው ነው። «ይህ አሠራር አዋጭ ነው ብለው ያምናሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስለ አሠራሩ መልካም ስም የተጠየቀ ስለሚመስለው በጨዋነት «አዎ» ሊል ይችላል። «እርስዎን ያዋጣዎታል?» ሲባል ግን ወደ ራሱ ሂሳብ ይገባል፤ የበሬ ኪራዩን፣ የቤተሰቡን ጉልበት፣ ዕዳ ለመክፈል ምርቱን በአጨዳ ሰሞን በወረደ ዋጋ መሸጡን ያነሣል። መልሱ ይረዝማል፤ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ውስጥም አይገባም። ለዚያ በቅጹ ላይ ባዶ መስመሮች መተው ይኖርብናል።